እስከ ሰኔ ሚካኤል

ቅጹ ላይ «እበት ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ከጥያቄው ፊት ለፊት ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «ይገኛል» ሌላው «አይገኝም» ይላል። እኔ «ይገኛል» ከሚለው ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ያን ያደረግሁት ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወረታ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። ከብት የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲነዳ በራችን ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው። የግብርና መሥሪያ ቤታችን ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለች ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበረች። በዚያ ዓመት አንድ ሞዴል የባዮጋዝ ሠፈር እንዲቋቋም ከበላይ ትእዛዝ ወርዶ ነበር። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ ምክንያቱም ስለ ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ሴሚስተር የተማርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሐሳቡ ሲያወሩት ያምራል። የአንድ ሠፈር ሰዎች የከብቶቻቸውን እበት በአንድ የጋራ ጉድጓድ ያጠራቅማሉ። እበቱ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማያስገባ ጉልላት ሥር ሲብላላ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በቱቦ ወደየቤቱ ማድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ክብሪት ሲጭሩበት ይነድዳል። ጭስ የለ፣ እንጨት ቆረጣ የለ። ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል። ወረታን የከበበው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ዛፍ የለውም፤ ከብት ግን አለው። ወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

የተመረጠው ሠፈር እኔው የምኖርበት ነበር። ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል ስድስት ቤቶች ተጠጋግተው ተሠርተዋል። እኔ ከአንድ እስላም ነጋዴ ቤት በስተጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ነበር። ባልየው ሱቅ ውሎ ያመሻል፤ ቤቱን የምትገዛው ሚስቲቱ ናት። ከእኔ በአሥር ዓመት ብትበልጥ ነው፤ እትዬ እላት ነበር። መጀመሪያ በእርስዎ ሳናግራት አንድ ሳምንት ታግሣ በስምንተኛው ቀን፣

«አንቺ ልጅ፣ ወላሂ እርስዎ ስትይኝ ቀበሌ የጠራኝ ነው የሚመስለኝ። አንቺ በይኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ተባባልን።

ከእሷ ቤት ቀጥሎ ባልቴቷ ጎረቤታችን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዲት ልጃቸው ቁሐር ሚካኤል በኩል ተድራለች። እኔን ገና በመጀመሪያው ቀን «ልጄ» ብለው ጠሩኝ። እኔ ሰው የማልደፍር፣ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ የምሰጥ ሰው ነበርሁና እንደዚያ የሚጠራኝ ሰው ማግኘቴ ወረታን ቤቴ አደረገልኝ።

ቅጹን ይዤ ቤት ለቤት የዞርሁት በጥር ነበር። በጥር ፎገራን ያየ ሰው ከብት ይጠፋል ብሎ አያስብም። የክረምቱ ውሃ ወደ ጣና ሸሽቷል፤ ሣሩ ለምለም ነው፤ ቀንዳሙ ከብት ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳውን ሞልቶታል። በየደጁ ሴቶች እበት ይጠፈጥፋሉ። የደረቀው ኩበት እንደ ጎጆ ተከምሮ አናቱ ላይ ጭድ ይደፋበታል። ያ ክምር የክረምት ማገዶ ነው። ሴት ልጅ በበጋ የሠራችውን ኩበት በክረምት ታነዳለች፤ በክረምት የሚሠራ ኩበት የለም።

በአራቱ ቤቶች ስጠይቅ ሁሉም «እበት አለ» ብቻ ነበር ያሉኝ። የጠየቅኋቸውን መለሱ፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። አምስተኛው የባልቴቷ ቤት ነበር። ደጃቸው ላይ ቁጢጥ ብለው ይጠፈጥፋሉ። በሩ ክፍት ስለነበር ከግድግዳው ላይ በሁለት ችካል የተሰቀለው ሞፈርና ቀንበር ይታየኛል።

«የባለቤቴ ነው» አሉኝ ዓይኔን ተከትለው። «ልጄ ወንድ ከወለደች ለእሱ ነው። ሞፈር የተሰቀለበት ቤት የወንድ ቤት ነው፤ ሌባም ይፈራዋል።»

«ስንት ከብት አለዎት እናቴ?»

«ከብት ይቆጠራል እንዴ? እግዜር የሰጠኝ አለ።»

ሁለት ላሞችና አንዲት ጊደር ከጓሮ ታስረዋል፤ እንዳያዩኝ ጎንበስ ብዬ ጻፍሁ። ቀጥዬ የእበቱን ጥያቄ አነበብሁላቸው።

«እስከ ሰኔ ሚካኤል አለ» አሉኝ እጃቸውን ከእበቱ ሳያነሡ። «ከዚያ ከብቱ ይወጣል። ኅዳር ሚካኤል ይገባል።»

«የት ነው የሚወጣው?»

«ወደ ጋራው ነዋ! ሜዳው ባሕር ሲሆን ላሜ እንደ ዓሣ ትዋኝ?»

ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። እየሣቅሁ ቅጹን አየሁት። ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። «እስከ ሰኔ ሚካኤል» የሚባል ሳጥን የለም። ከሳጥኑ ውጭ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ከጎኑ ባዶ ቦታ ነበር፤ እርሳሴም አልዶለዶመም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሠፈሩ መመረጡን ቀድሞ ለበላይ አሳውቋል። ሌሎቹ አራት ቅጾች «ይገኛል» ይላሉ። ይህኛው ብቻውን «አይገኝም» ካለ ለምን ተብዬ እጠየቃለሁ፤ ከኃላፊው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ፣ የምትተይበው ሴት እየሰማች፣ እንደገና መናገር አለብኝ። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ባልቴቷ ቀጣዩን እበት አድበልብለው እስኪያነሡ ድረስ ነው። «ይገኛል» ከሚለው ውስጥ ምልክት አደረግሁና አመስግኜ ተነሣሁ።

በየካቲት ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃ አንድ ጓድ መጣ፤ አገልግል የመሰለ ትልቅ ቦርሳ የያዘ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው። መፈክሩ አልቆ ወደ ጉዳዩ ሲገባ የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር።

«በክረምትስ እበቱ አይቀንስም?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከስድስቱ አባወራ አንዱ የሆነው ባለ ጥንድ በሬው ጎረቤታችን ጫማውን ያይ ነበር። በኋላ ሲነግረኝ «የተማረችው ልጅ ዝም ካለች መላ ቢኖራት ነው ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ እነሱ ዝም ሲሉ፣ ምናልባት ጥቂት ላሞች ይቀራሉ፣ ምናልባት ያን ያህል ችግር አይሆንም እያልሁ ነበር። ሁላችንም አንዳችን በሌላችን ዝምታ ተደገፍን።

ባልቴቷ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ እንኳ...» ብለው ጀመሩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር እጁን አነሣ። «እናት፣ ይቀመጡ። ባለሙያዋ እያለች እኛ ምን እናውቃለን።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። «በቂ ይሆናል» አልሁ።

«አልተሰማም ጓዲት! ጮክ በይ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«በቂ ይሆናል» አልሁ ደግሜ። ድምፄ ቀጭን በመሆኑ አንዱን ውሸት ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ባልቴቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወደ እኔ ሲያዩ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ልጅቷ ካለችው እውነት ነው፣ የሚል።

መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው አንቀጽ «ማንኛውም አባል የከብቱን እበት ለጋራው ጉድጓድ ያስገባል፤ ለኩበት አያውልም» ይላል። ይህም የራሴ ዐረፍተ ነገር ነው። ጉድጓዱ ብዙ ስለሚበላ እበቱ ከተከፋፈለ እንደማይሠራ መጽሐፌ ላይ ተጽፎ ነበር። ደንቡ ሲነበብ በሰሙ ማግሥት ባልቴቷ ክፍሌ ድረስ መጡ። አይቀመጡም፤ መቃኑን ተደግፈው፣

«ልጄ፣ እንዲያ ከሆነ ዘንድሮ ኩበት አልሠራ?» አሉኝ።

«አያስፈልግዎትም እናቴ።»

«ለክረምትም?»

«ለክረምትም።»

«እሺ። አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ሄዱ።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ጡብና ሲሚንቶ መጣ፤ ጉልላቱ ተደፈነ። ጥቁር ቱቦ ከመሬት በታች ተቀብሮ ወደ ስድስቱ ማድ ቤት ተዘረጋ። በመጋቢት ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት በቅርጫት እበት እየተሸከሙ መጥተው ከበርሜሉ ውሃ ጋር በጥብጠው ማፍሰስ ጀመሩ። ጋዙ እስኪብላላ ድረስ ቀድሞ የሠሩትን ኩበት ያነዱ ነበር። የባልቴቷ ክምር በየቀኑ ሲያጥር ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ አየዋለሁ። አዲስ የተጠፈጠፈ በደጃቸው አልነበረም። ከስድስቱ ቤት አንቀጽ ሦስትን አንድም ሳያጓድሉ የፈጸሙት እሳቸው ነበሩ። ባለ ጥንድ በሬው ቤት ሚስትየው በጓሮ በኩል ትጠፈጥፍ እንደነበር ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ። ሌላ ሰው ደንቤን እያፈረሰ ራሱን እንዲያድን ስተው፣ ያመኑኝን ሴት ግን «እርስዎም ይጠፍጥፉ» አላልኋቸውም።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የመጀመሪያው እሳት በእትዬ ማድ ቤት ተለኮሰ። ሰማያዊ ነው፤ ድምፁ እንደ ንብ ነው። ስድስቱም ቤት ተሰብስቦ በሩን አጨናንቆታል።

«እኔ እንኳ» አለ ባለ ጥንድ በሬው፣ «ከእበት በወጣ እሳት የተቀቀለ ነገር አልበላም።»

«እስካሁን በምን የተቀቀለ ስትበላ ኖርህ?» አለችው እትዬ። «በሽቶ?»

ሰዉ ሣቀ፤ እሱም ራሱን እያከከ ሣቀ። ጉድጓዱን «ጓዲት» ብላ የሰየመችውም እሷ ናት። «ስትመግቧት ዝም፤ ስትተዉአት ኩርፊያ። ስብሰባ የለመደች ናት።» ስሙ ያዘ። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ሲገናኙ «ጓዲት በልታለች?» ይባባሉ ጀመር። ሊቀመንበሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በዓለ ኃምሳ ካለፈ በኋላ አንድ ረቡዕ ደግሞ እትዬ ከአጥሩ ማዶ ላሉት ባልቴት፣ «ያው አንድ እሳት በእናንተ ቤት ሽሮ፣ በእኛ ቤት ሥጋ! ጓዲት ጾም አታውቅ፤ ይፍቱልን እንጂ!» ስትል ባልቴቷ ዕንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

ስለ ዕንባ ካነሣሁ አይቀር፤ ባልቴቷ ዓይናቸው ይታመም ነበር። የኩበት ጭስ ለዓመታት በልቶት ሁልጊዜ ቀልቶ ያነባል። ጋዙ ከመጣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ ግንባሬን ሳሙኝ። «ልጄ፣ ዓይኔ ተመለሰ። መርፌ አስገባሁ ዛሬ፤ ክሩን ራሴ አስገባሁት።» ከዚያ ቀን የበለጠ ኩራት በሕይወቴ አላውቅም። ያን ኩራት ከሌላው ነገር ለይቼ ማስቀመጥ ብችል ደስ ባለኝ። ያው እሳት ነው።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ዝናቡ በዚያ ሳምንት ጠንክሮ ነበር፤ ሜዳው ቦታ ቦታውን በውሃ ማብረቅረቅ ጀምሯል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከብቱ በአውራ ጎዳናው ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ፣ ወደ ከፍታው ይወጣል። መኪኖች ቆመዋል። መንጋው ማለቂያ የለውም። ከሠፈራችንም የስድስቱም ቤት ከብት ተቀላቅሏል። ባልቴቷ ላሞቻቸውን እስከ መንገዱ ሸኝተው የጊደሯን ወገብ እየደባበሱ ቆመዋል። ዘመዳቸው ሊነዳላቸው መጥቶ ነበር።

«ልጄ፣ ጓዲት እንግዲህ ምን ትበላለች?» አሉኝ። ነገር አልነበረበትም፤ መላው ምን እንደሆነ ሊያውቁ ነው የጠየቁኝ።

አንድ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ጥያቄያቸውን ያልሰማሁ መስዬ አለፍሁ።

ሰማያዊው እሳት እስከ ሰኔ መጨረሻ ቆየ። ከዚያ አጠረ። ሐምሌ ሲገባ ድስት ውሃ ለማፍላት ግማሽ ቀን ይፈጅ ጀመር፤ አንድ ጠዋት ክብሪቱ ብቻ ነደደ። እትዬ ማድ ቤቷ በር ላይ ቆማ «ጓዲት አርፋለች። ድንኳን ይተከል?» አለች። እኔን አይታ ግን አልቀጠለችም። ከሳምንት በኋላ የርብ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ለበላይ የጻፍሁት ሪፖርት «የክረምት ውሃ ወደ ጉድጓዱ በመግባቱ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል» ይላል። ሐሰት አይደለም፤ ውሃ ገብቷል። የገባው ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ነጋዴው ከሰል በጭነት መኪና አስመጣ፤ ስለዚህ እኔ በምኖርበት ቤት እሳት አልጠፋም። ባለ ጥንድ በሬው ከጓሮ የደበቀው ኩበት ነበረው። ሌሎቹ ከዘመድም፣ ከአሮጌ አጥርም እየለቃቀሙ አነደዱ። የባልቴቷ ደጅ፣ ክምሩ ይቆምበት የነበረው ቦታ፣ ባዶ ክብ ጭቃ ነበር። በዚያ በኩል ማለፍ አቃተኝ። ወደ ሥራ የሚያስኬደኝ ቀጥተኛው መንገድ በደጃቸው ነው። እኔ ግን በገበያው በኩል ዞሬ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ እየገባሁ መሄድ ጀመርሁ። እትዬ ጫማዬን ሳጥብ አይታ ጠየቀችኝ፤ በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ አልኋት።

በነሐሴ አንድ ጠዋት በእትዬ እሳት ላይ እጄን ሳሞቅ፣ «የባልቴቷ ልጅ ለመውለድ ወደ እናቷ መጥታለች» አለችኝ። «የበኩር ልጇ ነው። ጭድ ነው የሚያነዱት።»

«ለምን አልጠየቁንም?»

«አንድ ጊዜ ከሰል ላክሁላት። ተቀበለች፤ በማግሥቱ አንድ ሳህን ሽምብራ መልሳ ላከች። ሁለተኛ ስልክላት ቁናው እንዳለ ተመለሰ። እኔን ካልጠየቀች አንቺን ትጠይቅሽ?» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ «ሂጂና አይያት። በገበያ በኩል ስትዞሪ ሰው የማያይሽ ይመስልሻል እንዴ?»

አልሄድሁም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ይዘንባል። ቀን ከቀን እየገፋሁ ሳለ ልጅቷ ወለደች፤ ወንድ ነው። አራስ ቤት እሳት እንዳይጠፋ በአገሩ ይጠበቃል፤ ለገንፎው፣ ለገላ ማጠቢያው ውሃ፣ ለሕፃኑ ሙቀት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዱቄትና ቅቤ ይዛ ክፍሌን አንኳኳች። «ተነሺ። ዛሬ አብረን ነው የምንሄደው» አለችኝ። ተከትያት ሄድሁ።

ስንገባ ቤቱ ሞቃት ነበር። ምድጃው ላይ የሚነደው ጭድ አይደለም፤ ኩበትም አይደለም። ቀይ ፍም ያለው፣ ጭሱ ጥቂት የሆነ ጠንካራ እንጨት ነው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኋት ለአራሷ። እትዬም «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ አላህ ያሳድግልሽ» አለች፤ ከዚያ እጆቿን ወደ እሳቱ ዘረጋች። «አቤት እሳት! ይህን የመሰለ እንጨት ከየት ተገኘ?»

«የባለቤቴ ነው» አሉ ባልቴቷ። «ጠንካራ ነው፤ እንደሱ። ቶሎ አይያዝም፤ ከያዘ ግን አይለቅም።»

እትዬ ሣቅ ጀምራ አቋረጠች። እኔ ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ሁለቱ ችካሎች ባዶ ናቸው። ግድግዳው በዓመታት ጭስ ጠቁሯል፤ ሞፈሩ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ግን አልጠቆረም። ረጅም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነጣ ያለ መስመር ቀርቷል። ከሥሩ ደግሞ የቀንበሩ መስመር። ብረቱ፣ ማረሻው፣ ከአመዱ ወጥቶ ተጠርጎ ከመደቡ ሥር ተቀምጧል።

ባልቴቷ ዓይኔን አዩት፤ እንደ ጥር ወሩ ተከትለው። ዓይናቸው እንደገና ቀልቷል። «ለእሱ አልነበር የተቀመጠው?» አሉ በአገጫቸው ወደ ሕፃኑ እያሳዩ። «ይኸው ተቀበለ። አያቱ አሞቀው። ማረሻው አለ፤ ሞፈር ከዛፍ ይቆረጣል።»

ፎገራ ዛፍ የለውም። ይህን ገና በመጀመሪያው ሪፖርቴ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ ወዲያው፣ ምን እንዳዩብኝ እንጃ። «ውሃው ነው። ውሃ ሲመጣ ምን ታደርጊ ነበር? ነይ ተጠጊ፣ ሙቂ።» ቦታ ለቀቁልኝ። ተጠጋሁና ሞቅሁ። ከዚያ ቤት ስወጣ ልብሴ የሞፈሩን ጭስ ይሸት ነበር፤ ካጠብሁትም በኋላ የሚሸተኝ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ሙሉ፣ ጥቅምት ሙሉ፣ ያ «ውሃው ነው» ያሉኝ ቃል አላስቀመጠኝም። እሳቸው ውሃውን ይወቅሳሉ፤ እንዲወቅሱ ያደረገ ሪፖርት የጻፍሁት እኔ ነኝ። በኅዳር መጀመሪያ ቅጹን ከፋይል አውጥቼ ለኃላፊዬ እውነቱን ነገርሁት። ሳልዘጋጅ ብገባ እንደምፈራ ስለማውቅ በወረቀት ጽፌ አነበብሁለት። አንብቤ ስጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «በክረምት እንደማይሠራ አሁን ታወቀ፤ ለሚቀጥለው እናሻሽለዋለን» አለና ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይሉ ውስጥ አኖረው። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ለዚህ ነበር። ጥር ላይ ብነግረውም ከዚህ የከፋ ነገር አይለኝም ነበር ይሆናል።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ከብቱ ገባ። ውሃው ሸሽቷል፤ ሩዝ የተዘራበት በኩል አጨዳ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቀጥተኛው መንገድ፣ ወደ ባልቴቷ ደጅ ሄድሁ። ቁጢጥ ብለው ይጠፈጥፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ኩበቶች ከአሮጌው ክምር ቦታ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንቀጽ ሦስትን ያነሣ ሰው አልነበረም።

«መጣሽ ልጄ? ቁጭ በይ። እነሆ ጓዲትን ትተን ወደ እናታችን ቤት ተመለስን።»

አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ እበቱ ውስጥ እጄን ከተትሁ። ለብ ያለ ነው። እንዴት እንደሚጠፈጠፍ አሳዩኝ፤ የእኔ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ «ትምህርት ቤት ይህን አያስተምሩም?» እያሉ ይሥቁብኛል። ከውስጥ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል። እንዲህ እየሣቁ ሳሉ ካልነገርኋቸው መቼም እንደማልነግራቸው አወቅሁ።

«እናቴ፣ በጥር ቅጹን ይዤ የመጣሁ ቀን፣ እበቱ እስከ ሰኔ ሚካኤል ነው ብለው ነግረውኝ ነበር።»

እጃቸው መሥራቱን አልተወም። «ነግሬሽ ነበር?»

«ነግረውኛል።»

«እኔማ ክረምቱን ሙሉ ራሴን ስረግም ነው የከረምሁ!» አሉ። «ለዚያች ልጅ ሳልነግራት ቀርቼ ነው ያሳፈርኋት፤ ወይም ብነግራትም የከተማ ልጅ ናት፣ ከብቱ ይወጣል ስላት ወደ ሜዳው የሚወጣ መስሏት ይሆናል፣ አላስረዳኋትም እያልሁ። ነገሩን ለልጄም ነግሬያታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብያታለሁ።»

«አስረድተውኛል። ገብቶኝ ነበር።»

«ያን ዕለት?»

«ያን ዕለት። ስብሰባውም ላይ አውቅ ነበር። ኩበት አልሠራ ወይ ብለው ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር።»

እጃቸው ቆመ። ያነሡትን እበት መልሰው ከክምሩ ላይ አኖሩት። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ራሴን ለቁጣ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። እሳቸው ግን እኔን ሳይሆን እኔ የጠፈጠፍሁትን ኩበት እያዩ፣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ገጠሙት።

ከዚያ ወደ በርሜሉ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ውሃ ከዚያ አለ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እጅዎን ይታጠቡ።»

ሽማግሌ ወይም ቄስ ከኋላዬ የመጣ መስሎኝ ዞርሁ። ማንም አልነበረም።